በሩን አትዝጊው

የምተዳደረው የሰው ንግግር በመጻፍ ነው። ችሎት ላይ የሚባለው ሁሉ ይቀረጻል፤ ቅጂው ወደ እኛ ክፍል ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን የተባለውን ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ እንገለብጣለን። ዳኛ፣ ጠበቃ፣ አመልካች፣ ምስክር። ፊታቸውን አላይም። ስለ አንዱ ማሰብ ስጀምር የሌላው ቅጂ ይከፈታል። እንዲህ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራውን አልጠላውም፤ እወደዋለሁ ብዬም አላውቅም።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ጀመረኝ። የማዳመጫው ችግር መስሎኝ ሌላ ማዳመጫ አስመጣሁ። ፉጨቱ ግን ከቢሮ ወጥቶ ላንቻ፣ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ወጥ ሳማስል አለ፤ ፊቴን ስታጠብ አለ። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በቀጭንም በወፍራምም ድምፅ ፈተነኝና ሥራሽ ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት።

“ታዲያ መቼ ነው የምታሳርፊው?”

“ምኑን?”

“ጆሮሽን።”

“ስተኛ” አልኩ።

አይበቃም አለ። መድኃኒት አላዘዘልኝም። በየቀኑ፣ ቢቻል እኩለ ቀን ላይ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ያለ ቦታ እንድቀመጥ ነገረኝ። ሙዚቃ አይሆንም፤ ስልክም አይሆንም፤ ጨዋታም ቢሆን ይቅርብሽ አለኝ።

“ዶክተር፣ እኔ እኮ የምሠራው ካዛንቺስ ነው” አልኩት።

ሣቀ። እሱም ወደ ሥራ ሲመጣ በዚያ በኩል ሳያልፍ አይቀርም።

ካዛንቺስ በዚያን ጊዜ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ እየተሠራ ነበር። ከቢሯችን መስኮት ወደ ታች ሲታይ፣ አሥር ዓመት ሙሉ የማውቃቸው የቆርቆሮ ጣሪያዎች ጠፍተው ሜዳው ተገልጦ ነበር። በሜዳው ላይ ስካቫተር ይቆፍራል፣ ሲኖትራክ አፈር ይጭናል፣ ድንጋይ የሚሰብረው መዶሻ ከጠዋት እስከ ማታ ይንቀጠቀጣል። ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ብዙ ተንከራተትኩ። ደረጃው ሥር ጄኔሬተር አለ። ጣሪያው ላይ አቧራና መዶሻው አለ። ወደ ስታዲየም በኩል ወርጄ አንድ ባንክ ውስጥ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጥኩ፤ ማሽኑ በየደቂቃው ቁጥር ይጠራል። አንድ ሆቴል ገባሁ፤ አስተናጋጇ ሦስት ጊዜ መጥታ ምን ልታዘዝ አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበረብሽ የሚለኝ አይጠፋም። ሄጃለሁ። እኛ የምንሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ግቢው ሰፊ ነው፣ ጥላም አለው። ግን እዚያ የማላውቀው ሰው የለም፤ ሰላምታው ብቻ የምሳ ሰዓቴን ይጨርሰዋል።

ጸሎት ቤቷን ያገኘኋት መንገድ ተሳስቼ ነው። በወትሮው መሻገሪያ በኩል ለመንገድ ሥራ ቆርቆሮ ታጥሮ ስለነበር ዙሬ ስሄድ፣ ከፈረሰው ሰፈር መካከል አንድ የድንጋይ ግንብ ብቻውን ቆሞ አየሁ። አረንጓዴ የብረት በር አለው። በሩ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ ጸሎት ቤቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። የካቶሊክ መነኮሳይያት ግቢ ነበር። ገፋ አድርጌ ገባሁ።

አንዲት አጠር ያሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሲስተር፣ በግራጫ ቀሚስ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ደርበው አትክልት ያጠጣሉ።

“ምን ልርዳሽ?”

“ዝም ብዬ ልቀመጥ ነበር” አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን አሳፈረኝ።

ሲስተር ግን አልገረማቸውም። “ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል” አሉና በጎማው ጫፍ የጸሎት ቤቷን በር አሳዩኝ።

“ጫማዬን ላውልቅ?”

“ወለሉ ይበርዳል። ግን እንደ ልማድሽ።”

አወለቅሁ። ወለሉ እውነትም ይበርዳል፤ በማግስቱ ወፍራም ካልሲ ይዤ መጣሁ።

ጸሎት ቤቷ ከአንድ መካከለኛ ሳሎን ብዙም አትሰፋም። በየጎኑ አራት አራት አግዳሚ ወንበር፣ በመሐል ጠባብ መተላለፊያ፣ ከፊት ነጭ ጨርቅ የለበሰ መንበር። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ክንድ ከግማሽ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ እዚያ ሲደርስ ሩቅ አገር የሚሠራ ይመስላል። ተቀመጥኩ። ልጸልይ አልገባሁም፤ አልጸለይኩምም። ሰዓቴን እያየሁ አርባ አምስት ደቂቃ ቆጠርኩና ወጣሁ። ፉጨቱ አልለቀቀኝም፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ድምፅ ሳይሸፍነው፣ ብቻውን ሰማሁት። ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከዚያ በኋላ በሥራ ቀን የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም። የምትጠይቀኝ ጥያቄ ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ለጆሮዬ ነው ብላት ደግሞ አታምነኝም።

ማክሰኞና ሐሙስ አንዲት ሴት ይመጡ ነበር። ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንድ የጨርቅ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከሁሉም ኋላ ባለው አግዳሚ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። እኔ ከፊት ሦስተኛው ላይ ነኝ። ስገባ እጅ እነሳለሁ፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በአራት ወር ውስጥ በመካከላችን የነበረው ይኸው ነው። ጥሩ ጎረቤታሞች ነበርን ማለት እችላለሁ።

አንድ ሐሙስ መዶሻው ከግንቡ ሥር ገባ። ቧንቧ ሊቀብሩ ነው መሰለኝ፤ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይርገበገባል፣ አቧራው በበሩ ይገባል። ተነሥቼ በሩን ልዘጋ ሄድኩ። እጄ መዝጊያው ላይ ሳለ ሴትዮዋ ተናገሩ።

“አትዝጊው ልጄ። ክፍት ይሁና።”

እጄን አነሣሁ። ወደ ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ትንሽ ጎርነን ያለ፣ ከመናገሩ በፊት አጭር ትንፋሽ የሚስብ፣ በዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ “ይሁና” የሚል። ይህችን “ይሁና” በአንድ መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጽፌያት ነበር። ትውጣ ወይስ ትቆይ ብዬ ተጨንቄ፣ ቃል በቃል ነው ትእዛዙ ብዬ የተውኳት ናት።

መዝገቡ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነበር የደረሰኝ። አንዲት ሚስት ባላቸው የጠፉ ስለመሆናቸው ውሳኔ እንዲሰጣቸው ያመለክታሉ። ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከስድስት ዓመት በፊት ዕቃ ጭነው ወጡ፤ ቀን ላይ ከመንገድ ደውለው ምሳ በልተው እንደተነሡ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም። መኪናው መንገድ ዳር ተቆልፎ ቆሞ ተገኘ። ጭነቱ አልተነካም። ሴትዮዋ ስድስት ዓመት ሙሉ የትም አላመለከቱም ነበር፤ ካዛንቺስ ያለው የቀበሌ ቤታቸው ሲፈርስ ግን ምትኩ ቤት በባልየው ስም የሚሰጥ ሆነ። ስለዚህ ወይ ሰውየው ቀርበው ይፈርማሉ፣ ወይ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይምጣ ተባሉ። ይህን ሁሉ በዚያ ድምፅ፣ እየቆራረጡ፣ ለዳኛዋ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ።

አሁን ያ ድምፅ ሰው ሆኖ ከኋላዬ ተቀምጧል። ሥራ ስንጀምር በመዝገብ የሰማነውን ለማንም ላንናገር፣ ከባለጉዳይ ጋር ላንገናኝ ፈርመናል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታው አልከበደኝም፤ እንዲያውም የሥራዬ አንዱ ክፍል መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ጸሎት ቤቷ ስገባ እንደ ድሮው አልተቀመጥኩም። አንገቴ ይደርቃል፤ ከኋላ ቦርሳቸውን ሲያንቀሳቅሱ እሰማለሁ።

አንድ ሰኞ ሲስተር አበባ ሲቀይሩ አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

“እኚያ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡት እናት በሩ ሲዘጋ አይወዱም?”

“አይወዱም” አሉ ሲስተር። “ቤታቸው ከዚህ ግንብ ኋላ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሰፌድ ስንሰፋ እያዩ ከእናንተ የባሰ ሰፊ የለም እያሉ ይቀልዱብን ነበር። አሁን ከከተማው ዳር ነው የሰጧቸው፤ የውሉ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። በሁለት አውቶቡስ ነው የሚመጡት።”

“ለጸሎት?”

ሲስተር የደረቀውን አበባ በጋዜጣ ጠቀለሉ። “ይጸልዩ ይሆናል። ግን ባለቤታቸውን ይጠብቃሉ። ባልየው ቢመለሱ የት ይሄዳሉ? ሰፈሩ የለም፣ ቤቱ የለም፣ ሱቁ የለም። የሚያውቁት ይኼ ግንብ ብቻ ነው የቀረው። ሰው ግራ ሲገባው ደግሞ ክፍት በር ያያል። እሳቸው እንደዚያ ነው ያሉኝ።”

ሲስተር ውኃ ሊቀዱ ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጫማዬን ሳደርግ ሴትዮዋ ተከትለውኝ ወጡ።

“ልጄ፣ ቢሮ የምትሠሪ ትመስይኛለሽ። መነጽሬ ተሰብሮብኝ ነው። አንድ ወረቀት ታነቢልኛለሽ?”

ምን ወረቀት እንደሆነ ከቦርሳቸው ሳይወጣ ገብቶኛል። አይ፣ ቸኩያለሁ ማለት እችል ነበር። ዛፉ ሥር ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። የመዝገቡ ሙሉ ግልባጭ ነው። ቤት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከውሳኔው ጋር አያይዘሽ አምጪ ስላላቸው አውጥተውት ነበር። ውሳኔው እንደተሰጣቸው ያውቃሉ፤ ግን ወረቀቱ ምን ምን እንደሚል ማንም አንብቦላቸው አያውቅም። እኔ የጻፍኩትን ወረቀት እኔው አነበብኩላቸው። ቢሯችን ባለበት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ስጽፈው ድምፅ አልነበረኝም፤ አሁን በራሴ ድምፅ ሲወጣ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ።

አራተኛው ገጽ ላይ ዳኛዋ የሚጠይቁበት ቦታ ደረስኩ። “ሞተዋል ብለው ያምናሉ?” ይላል። ቀጥሎ፣ “አመልካች፦ ሞቷል።”

“ማነው ያለው?” አሉ።

“እርስዎ።”

“እኔ?”

“አመልካች ይላል። አመልካች ማለት እርስዎ ነዎት።”

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። ያለ መነጽር ማንበብ ባይችሉም ገጹን አስጠግተው አዩት።

“ይኼ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። በቤቴም በውጭም። ለልጆቼ እንኳ። ጠፋ ብያለሁ፣ ያውም ቤቱ ነው ያናገረኝ። ሞቷል አላልኩም።” ትንፋሻቸውን ሳቡ። “ነገ ተነሥቶ ቢመጣና ይኼን ቢያነብ ምን ይለኛል? ገና በስድስት ዓመት ቀበርሽኝ አይለኝም?”

“ምናልባት ረስተውት ይሆናል” አልኩ። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

“ይሄ ይረሳል?” አሉ። አልተቆጡም። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና አውቶቡስ ያመልጠኛል ብለው ሄዱ።

ቢሮ ተመለስኩ። የተዘጋ መዝገብ ቅጂ መክፈት ይቻላል፤ ግን ማን እንደከፈተው ሲስተሙ ይመዘግባል። ከፈትኩት። ቦታውን አገኘሁ። ዳኛዋ ይጠይቃሉ። ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ አለ፤ ወረቀት የሚገለብጥ ሰው ይሰማል፣ ሩቅ በር ይዘጋል። ከዚያ ድምፁ ይመጣል።

“ሞቷል?”

ጥያቄ ነበር። ጫፉ ላይ ከፍ ይላል። ሰው የማያውቀውን ቃል ሲነግሩት ደግሞ እንደሚጠይቀው ያለ። ዳኛዋ ቀጥለው “እሺ፣ ይቀመጡ” ስላሉ፣ እኔ መልስ ነው ብዬ ወስጄው አራት ነጥብ አድርጌበታለሁ። አራት ጊዜ ደጋገምኩት። አራቱንም ጊዜ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ስሰማው እንዴት ሳይሰማኝ እንደቀረ አላውቅም። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ለማመን ሞከርኩ። ጆሮዬ አይደለም፤ ያን ቀን ቶሎ ቶሎ ስለሠራሁ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። የተቆጨሁት እንደ ጸሐፊ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ስህተት ሳልሠራ አልቀርም፤ ግን አንዱም ከፊቴ ተቀምጦ “ይኼን አላልኩም” ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጥድፊያ አይለየውም። የሆነውን ነገርኩት።

“ማለቴ፣ ውሳኔው ተቀይሯል?” አለ።

“አልተቀየረም። ዳኛዋ የወሰኑት ስድስት ዓመት ወሬ ስላልተሰማ ነው። ይህ ቃል ውሳኔው ውስጥ አልተጠቀሰም።”

“በቃ፣ ታዲያ? አንድ የጥያቄ ምልክት እኮ ነው። ለምን ኢሹ ታደርጊዋለሽ?”

“ያላሉትን ብለዋል ብዬ ጽፌያለሁ።”

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። “ፕሮሲጀሩን ታውቂዋለሽ። ማረሚያ ስታቀርቢ ስህተቱ እንዴት እንደታወቀ ትጽፊያለሽ። ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?”

“አመልካቿን አገኘኋቸው ብዬ።”

“የት?”

“ጸሎት ቤት።”

“በድንገት ቅጂውን ስከልስ አየሁት ማለት ትችያለሽ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለእኔ አስቦ ነው። አመሰገንኩት። ግን የማይሆን ነገር ጽፌ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ሁለተኛ መድገም አልፈለግሁም። እንደሆነው ጻፍኩት። ማረሚያው ወደ ችሎቱ ተላከ። ለእኔም ከባለጉዳይ ጋር በመገናኘቴና በሥራ ጥንቃቄ ጉድለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የግል ማኅደሬ ውስጥ ተያይዟል። ቅር አላለኝም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የሚከብደው ለሴትዮዋ መንገሩ ነበር። ሐሙስ ቀድሜያቸው ገባሁና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእሳቸው አግዳሚ ላይ፣ ቦታቸውን ትቼ ከጎን ተቀመጥኩ። ሲገቡ አይተውኝ ገረማቸው፤ ተቀመጡ።

“እማማ፣ ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“የትኛውን?”

“የመዝገቡን። እዚያ ነው የምሠራው። ድምፁን ሰምተን እንጽፋለን። እርስዎ ሞቷል ብለው ነበር የጠየቁት፤ እኔ እንደ መልስ ጻፍኩት። ተመልሼ ሰምቼዋለሁ። ጥያቄ ነው።”

ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። እኔ ሊቆጡ ነው ብዬ እጠብቃለሁ።

“እንግዲያ ድምፄ እዚያ አለ።”

“አለ።”

“ሁሉንም ሰምተሽዋል?”

“ሰምቻለሁ።”

“ሳለቅስም?”

“አላለቀሱም።”

ዞር ብለው አዩኝ። “አልቅሻለሁ እንጂ። ዳኛዋ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ። እስከ ዛሬ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም የኔ ቤት።”

“አላለቀሱም፣ እማማ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቻለሁ። ድምፅዎ አንድም ጊዜ አልተሰበረም።”

“አላለቀስኩም?”

“አላለቀሱም።”

በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። “እኔ ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር” አሉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፤ ያውም ትንሽ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። እኔ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። እጃቸውን መያዝ የሚችል ሰው አለ፤ እኔ አይደለሁም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በኋላ ግን ድንገት ቀና ብለው፣ “ታዲያ ያን ቀን ስታነቢልኝ ዝም ያልሽው አውቀሽ ነው?” አሉኝ።

“አላወቅሁም ነበር መሳሳቴን። መዝገቡን ግን አውቀው ነበር።”

“ረስተውት ይሆናል ብለሽኛል።”

“ብያለሁ።”

ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጡም። ሐሙስም አልመጡም። ሲስተር ደህና ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኳቸው። አላውቅም ነበር። ያን ሰሞን ጸሎት ቤቷ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ፣ ሐኪሙ ያዘዘኝን ጸጥታ ሙሉ በሙሉ አገኘሁት፤ ደስ አላለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት መጡ። በእጃቸው አንድ ፖስታ አለ። አዲስ መነጽር አድርገዋል፤ ልጃቸው ገዝታላቸው ነው።

“ከፍርድ ቤት በስልክ ጠርተውኝ ሄጄ ተቀበልኩ” አሉ። “አንብቤዋለሁ። ቢሆንም አንቺ አንብቢልኝ።”

አጭር ደብዳቤ ነው። በገጽ አራት ላይ አመልካች “ሞቷል።” እንዳሉ ተደርጎ የተጻፈው “ሞቷል?” ተብሎ ይነበብ ይላል። ከሥሩ ማኅተምና ፊርማ አለው። ጥያቄውን እንደ ጥያቄ አድርጌ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

“ይሁና” አሉ። “እንዲህ ነው ያልኩት።”

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ደብዳቤውን ከግልባጩ ጋር አንድ ላይ አጠፉት። ከዚያ ስለ አዲሱ ቤት ነገሩኝ። አራተኛ ፎቅ ነው። ፀሐይ ይገባዋል፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ጉልበታቸው ግን ደረጃውን አልወደደውም። ጎረቤታቸው ከሥልጤ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሴትየዋ ደረጃው ላይ ስታገኛቸው ዘምቢላቸውን ትቀበላቸዋለች። ባለቤትዎስ ብላ ጠይቃቸው ነበር።

“ምን አሏት?”

“መንገድ ላይ ነው አልኳት። ውሸት ነው?”

አይደለም አልኩ።

አሁን የሚመጡት በወር አንድ ጊዜ ነው። ጉልበታቸው ሁለቱን አውቶቡስና አራቱን ፎቅ በሳምንት ሁለቴ አይችልም። ስልክ ቁጥራቸውን በትልቁ ጽፈው ለሲስተር ሰጥተዋል፤ ሲስተርም ለዘበኛው አሳይተው፣ ማንም ሽማግሌ መጥቶ ቢጠይቅ እንዲደውል አዘውታል። እኔ ዛሬም በየቀኑ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ባለፈው ሲያየኝ ፉጨቱ ቀንሷል፣ ግን ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም አለኝ። ቢሮም በቀን የምሠራው የቅጂ ሰዓት ተቀንሶልኛል። ያለቀ ገጽ ከመላኬ በፊት አሁን ሁለት ጊዜ አዳምጣለሁ፤ ኃላፊዬ አዘገየሽ ይለኛል።

ባለፈው ወር ሴትዮዋ ሲመጡ አብረን ወጣን። መዶሻው ቆሟል። ከግንቡ ኋላ የነበረው ጉድጓድ ተደፍኖ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ንጣፉ አዲስ ነው፣ የመብራት ምሰሶ በልክ በልክ ተተክሏል፣ በዳሩ ችግኝ አለ። ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ቆሙና ቤቴን ላሳይሽ አሉኝ።

“እዚህ ጋ በሩ ነበር” አሉ በአንዱ ምሰሶ አጠገብ። “እዚህ ደግሞ ጓዳው።” ጥቂት ተራመዱ። ወደ ኋላ ዞረው ግንቡን አዩና መለኩ። “የለም፣ ቆይ። በሩ ያኛው ጋ ነው።” ወደ ቀጣዩ ምሰሶ ሄዱ። እዚያም ቆመው ግራና ቀኝ አዩ። ሰው እያለፈን ይሄዳል፤ አንድ ሰው ስልክ እያናገረ በመካከላችን አለፈ። ሴትዮዋ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት ቦታ አጡት።

“ጠፋኝ” አሉ፤ ከዚያ ሣቁ። ሲሥቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ መዝገቡ ውስጥ ሣቅ አልነበረም።

አውቶቡሱ መጣ። ክንዳቸውን ደግፌ አወጣኋቸው። መስኮት በኩል ቦታ አግኝተው ተቀመጡና፣ በእጃቸው ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሥራሽን አሉኝ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሄድኩ።